የእንዶድ በር የሙቀጫ ጥሪ

በእንዶድ በር መንደር የበርበሬ ቅመም ዝም ተብሎ አይወቀጥም። ሙቀጫው ፊት የተቀመጠችው ሴት ነጭ ሽንኩርቱን ስትጨምር ስሙን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ ለምን እንደሚበጅም ትናገራለች፤ ለዝንጅብሉም፣ ለኮረሪማውም፣ ለበሶብላውም እንደዚሁ። ወፍጮ ቤት ከተከፈተ ወዲህ እንኳ ከሞተሩ ጩኸት ጋር እየታገሉ ሲጣሩ ይሰማሉ። እንግዳ ሰው ይስቃል። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን አይስቁም፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ነገሩን ከእመት ዘርትሁን ይጀምራሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ከዘርትሁን ሌላ መድኃኒት አዋቂ በአገሩ አልነበረም። ሆድ ቁርጠት የያዘው፣ ጉንፋን የጣለው፣ ሳል እንቅልፍ የነሳው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነበር። እሷም ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወደ ገደሉ ትወርድና ከግማሽ ቀን በኋላ ተመልሳ፣ በሯን ዘግታ ወቅጣ፣ በማር የተለወሰ ጥቁር መድኃኒት ይዛ ትወጣለች። ገደሉ ውስጥ ምን እንደምትለቅም ያየ ሰው የለም፤ ምንም አትለቅምም ነበርና። ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ብላ ነው የምትመለሰው። መድኃኒቷ ከሰው ጓሮ የማይጠፋው ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሲሆን፣ የሚያጠቁረው የከሰል ዱቄት ነበር። ሽታው እንዴት አላጋለጣት ቢባል፣ ገደል ተወርዶ የመጣ ነው ብሎ ያመነ አፍንጫ ነጭ ሽንኩርት አይሸተውም።

ክፋት አልነበረባትም ይባላል። እናቷ ሙያውን ስታወርሳት፣ ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል ብላ አስምላታለች። ነገር ግን ዘርትሁን አንድ ጊዜ ለታመመች እህቷ ስሙን ነግራት፣ መድኃኒቱ እንደ ወትሮው ሠርቷል። ከዚያ ወዲያ አፏን የያዘው መሐላው ሳይሆን ክብሩ ነው። ስትገባ ሰው ሲነሳላት፣ ድግስ ላይ ከፍ ካለው ቦታ ስትቀመጥ ደስ ይላት ነበር።

አንድ ክረምት ዘርትሁን ለለቅሶ ወንዙን ተሻግራ ሄደች፤ ስትመለስ ውሃው ሞልቶ አገዳት። በዚያው ሰሞን የጎረቤቷ የይታክቱ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ስንዱ፣ ሆድ ቁርጠት ያዛት። ይታክቱ ልጇን አዝላ ወንዙ ዳር ደረሰችና፣ ማዶ የቆመችውን ዘርትሁንን አይታ፣ ልጄን ምን ላድርጋት ብላ ተጣራች። ዘርትሁን ሰምታለች። የይታክቱ ደጅ በጤና አዳም የተሞላ መሆኑንም ታውቃለች። ግን በሁለቱም ዳር ውሃው እስኪጎድል የሚጠብቅ ሰው ሞልቶ ነበርና ሁሉም ይሰማል። ስለዚህ፣ «ጠብቂኝ፤ ውሃው ሲጎድል መድኃኒቱን ይዤ እመጣለሁ» አለቻት።

ውሃው የጎደለው በሦስተኛው ቀን ነው። ዘርትሁን የደረሰችው ለቀብር ሆነ።

ይታክቱ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። «የበደለኝ ወንዙ ነው፣ እመት ዘርትሁን፤ እርስዎማ ምን ያድርጉ» አለቻት። ዘርትሁን ከደጁ ጤና አዳም አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። መድኃኒቱ ልጅቷን ያድናት እንደነበር ማንም አያውቅም፣ እሷም አታውቅም። ላትድንም ትችል ነበር እያለች ለራሷ ደጋግማ ነገረችው፤ አላሳረፋትም። ከዚያ በኋላ የታመመ ሲመጣባት አሞኛል እያለች መለሰች፤ ሰውም አዝናለች ብሎ ይበልጥ አከበራት። እሱ ደግሞ ባሰባት።

ለተዝካሩ የመንደሩ ሴቶች በይታክቱ ግቢ ቅመም ሊወቅጡ ተሰበሰቡ። ዘርትሁንም ዘነዘና ይዛ ተቀመጠች። ጤና አዳሙን አንስታ ወደ ሙቀጫው ልትጨምር ስትል ዘነዘናው ከሌላው እጇ ወደቀ ይባላል።

«ይኸ ጤና አዳም ነው» አለች። «ለሆድ ቁርጠት የምሰጣችሁ ይኸንኑ ነው፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር። ከገደል ያመጣሁት ነገር የለም። ያን ቀን ከማዶ ሆኜ ስሙን መጥራት እችል ነበር። መናቅን ፈርቼ ዝም አልሁ።»

ውቀጣው ቆመ። ይታክቱ ደጇ ላይ ያለውን ቅጠል ብዙ አየችው። ትረግማታለች፣ አለዚያም ትማታለች ብለው ሴቶቹ ብድግ ብድግ አሉ። እሷ ግን ከዘርትሁን እጅ የወደቀውን ዘነዘና አንስታ መልሳ አስያዘቻትና፣ እንደ ቀድሞው አንቱ ሳትላት፣ «ድገሚው» አለቻት። «ጮክ ብለሽ። ማዶ ድረስ ይሰማ።»

ዘርትሁን ድምፅዋ እስኪዘጋ ደገመችው። ሴቶቹም አብረው ጠሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንዶድ በር ዝም ብሎ የወቀጠ የለም። ይታክቱ ይቅር ብላት እንደሆነ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። ከፊሎቹ ዘርትሁን በሞት አልጋዋ ላይ ሳለች ይታክቱ ውሃ አጠጥታታለች ይላሉ፤ ሌሎቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቃል አልተለዋወጡም ይላሉ።

ዛሬም ተራው የጤና አዳም ሲሆን፣ የምትወቅጠው ሴት ፊቷን ወደ ወንዙ ታዞራለች። ወንዙ አሁን ድልድይ አለው። ማዶ የሚሰማት ሰው ይኑር አይኑር አታጣራም፤ ስሙን ትጠራለች።