ከላይ ብቻ የታየው አቀባይ

አንድ ጊዜ የዱር አራዊት መናከሱ ቢሰለቻቸው ቅርጫት ኳስ ጀመሩ። በየጫካው ክለብ ተቋቋመ፤ ቅርጫቱ ከዋርካ ላይ ተንጠለጠለ፤ ኳሱም ከቁርበት ተሰፋ። ተጫዋች የሚመረጠው በቁመት ነበርና ቀጭኔ ያለው ክለብ ሁሉ ደረቱን ነፋ።

በዚህ መሐል ማንደፍሮ የሚባል ሽኮኮ ከዘመዶቹ ገደል ወርዶ «ኳስ አቀባይ ነኝ» አለ። ሳቁበት። እሱ ግን በአራዊቱ እግር መሐል እየሾለከ ኳሱን ለሚገባው ያደርስ ነበር። ደላላው ቀበሮ ይህን አየና ይዞት ዞረ።

«ምነው አጠረ?» ሲሉት፣ ቀበሮ «ገና ልጅ ነው፤ ያድጋል!» ይላል።

የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ ማንደፍሮ ያው ማንደፍሮ ነው። ያባርሩታል። በሰባት ዓመት ሰባት ክለብ ቀያየረ። ጢሙ ሸብቶም ቀበሮ «ያድጋል» ማለቱን አልተወም።

ስምንተኛው የአንበሳ ክለብ ነበር። ማንደፍሮ አንድ ክረምት እንኳ ሳይባረር ከቡድን ጓደኞቹ ጋር ቢያሳልፍ ሌላ አልተመኘም። ስለዚህ ሁሉንም አጠና። ቀጭኔን ግራ ጉልበቷን እንደሚያማት ያውቃል፤ በቀኟ ያቀብላታል። ጅብ ከተራበ ኳሱን እንደማይምረው ያውቃል፤ ከጨዋታ በፊት አጥንት እየጎተተ ያመጣለታል። ክለቡም ደጋግሞ አሸነፈ። ሲያሸንፉ ግን የሚተቃቀፉት ረጃጅሞቹ ናቸው፤ ወጉም ሳቁም ከራሱ በላይ ያልፋል። ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደርክ?» ያለው አንድም አልነበረም። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ብቻውን ነበር።

ዘመኑ ሲያበቃ አንበሳ ማንደፍሮንና ቀበሮን አስጠራ።

«ለከርሞ ታድጋለህ?» አለው ማንደፍሮን።

ቀበሮ በክርኑ ጎሸም አደረገው። ማንደፍሮን ግን ውሸቱ መሮት ነበር። «ጌታዬ፣ እኔ አድጌ የጨረስኩት ድሮ ነው። እንዲሁ እንዳለሁ ቢያኖሩኝ?»

«አድገህ ነው እንዲህ የሆንከው?» ብሎ አንበሳ ሳቀ። «በል፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ!»

በቦታው ሰጎን ተቀጠረች። በመጀመሪያው ጨዋታ ኳሱን ለተራበው ጅብ አቀበለችው። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? ይኸኛው በሚያውቁት አገር፣ ሕዝብ እያየ፣ ቁርበቱን ዋጠው። ዳኛው ዝንጀሮ ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ክለቡም መሳቂያ ሆነ።

አንበሳ «ያን ትንሹን አምጡልኝ!» ብሎ አገሳ። ቀጭኔና ጅብ የሽኮኮዎቹ ገደል ሥር ደርሰው «ሽኮኮ! ሽኮኮ!» ብለው ተጣሩ። ከየስንጥቁ ሦስት መቶ ሽኮኮ ብቅ አለ።

«የትኛው ነው?» አለ ጅብ።

«እኔ የማውቀው ጀርባውን ነው» አለች ቀጭኔ። «አንተስ?»

«እኔ የማውቀው የሚያመጣልኝን አጥንት ነው።»

«ስሙስ?»

ጅብ «ሽኮኮ!» ብሎ እንደገና ተጣራ።

ማንደፍሮ ከፊታቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ቢለዩት ተንደርድሮ ሊወርድላቸው ተዘጋጅቷል። ቀጭኔ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እሱንም አየችው፤ አለፈችው።

ከጎኑ የተቀመጠች ሽኮኮ «ማንን ነው የሚፈልጉት?» አለችው።

«አንድ አቀባይ ነበራቸው አሉ።»

«አንተ ነህ እንዴ?»

«ቢያውቁኝ እኔ ነበርኩ» አለና ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ። ጅብና ቀጭኔም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ከዚህ የምንማረው፣ አብሮን የሚደክመውን ጎንበስ ብለን ካላወቅነው፣ በቸገረን ቀን ፊት ለፊታችን ተቀምጦም እንደምናጣው ነው።