ከክሩ የበለጠው ቀሚስ

ልብስ የምናሰፋ ሰዎች ሰፊው ፊት ቆመን "ልኬን ውሰድልኝ" እንላለን፤ ሜትሩ ወገባችንን ይዞራል፣ ነገሩም ያበቃል። ልክ የሚባለው ግን የወገብና የትከሻ ነገር ብቻ አይደለም። ጨዋውን ልኩን ያውቃል እንለዋለን፤ ባለጌውን ልክህን እወቅ እንለዋለን። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰው ልኩን የሚስተው በብልግና ብቻ ሳይሆን በደግነትም ነው። እንዲህ ሲሆን በእኛ ሰፈር የምትነገር አንዲት አባባል አለች፤ የወጣችውም ከአንድ የጥሎሽ ቀሚስ ነው።

ባዘዘው የሚባል ጎረምሳ አንጓች የምትባል ልጅ አጭቶ ነበር። በዚያ ዘመን የታጨች ልጅ ሰፊ ቤት ሄዳ አትለካም። አክስቷ በክር ትለካትና ቁመቷንና ወገቧን በቋጠሮ ምልክት አድርጋ ክሩን ለሙሽራው ቤት ትልካለች። ቀሚሱ በዚያ ክር ይሰፋል፤ በጥሎሽ ቀን በእንግዳ ፊት ተዘርግቶ ይታያል። ካላማረ ጥሎሹ ይመለሳል፤ ሠርጉም ቀረ ማለት ነው።

አንጓች ቀጭን ናት። አክስቷ "መንማና ናት ብለው እንዳያሟት" አለችና ክሩን ላላ አድርጋ ቋጠረችው።

ክሩ የደረሳቸው የባዘዘው እናት ወይዘሮ አትጠገብ ሰፊው ይማም ዘንድ ሄዱ።

"ይማም ልጄ፣ አንድ ስንዝር ጨምርበት። ጨርቅ ሰሰቱ እንዳንባል።"

"እትዬ፣ ክሩ እኮ ይበቃል።"

"ስንዝር ምን አላት! ብቻ ለማንም እንዳትናገር።"

በማግስቱ ወንድማቸው አቶ መኳንንት በተራቸው ብቅ አሉ። "እህቴን አውቃታለሁ፣ እጇ አይፈታም። አንድ ክንድ ጨምርና ከሰው እኩል እንሁን። እሷ እንዳትሰማ!"

ማምሻውን ደግሞ ሙሽራው ራሱ አንገቱን ደፍቶ መጣ። "ጋሼ ይማም፣ እንዳይጠብባት ትንሽ ሰፋ አድርግላት።"

ይማም ለሁሉም እሺ አለ። ሠርግ ያለበትን ሰው እምቢ ማለት ለእሱም ነውር ሆነበት።

የጥሎሹ ቀን ደረሰ። የሙሽሪት አባት አቶ ጥጋቡ ቤት ዳሱ በእንግዳ ሞላ። አቶ መኳንንት ጥሎሹን ከሻንጣው እያወጡ አሳዩ፤ ነጠላው ሲወጣ እልል፣ ጫማው ሲወጣ እልል ተባለ። ቀሚሱን አንስተው እጃቸውን እስከቻሉት ወደ ላይ ዘረጉ። ጫፉ ገና ሻንጣው ውስጥ ነው። እልልታው ጠፋ።

"ይህ ምንድነው? ዳስ ልትጥሉልን ነው?" አሉ አቶ ጥጋቡ ተነስተው። "ወይስ ሌላ ሴት አስባችሁ ነው የመጣችሁት?"

"ኧረ በማርያም! እኔ የጨመርኩት ስንዝር ነው!" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ ደንግጠው።

"አንቺም ጨምረሻል?" አሉ ወንድማቸው። "እኔ እኮ ክንድ..."

"እኔም ትንሽ..." አለ ባዘዘው።

ከጓዳ የአክስቲቱ ድምፅ ተሰማ፦ "ወይኔ! ክሩንም እኔ አላልቼው ነበር!"

አቶ ጥጋቡ ግን አልበረዱም። "ልጄን በአገር ፊት መሳቂያ አደረጋችኋት። ጥሎሹን ሰብስቡና ወደመጣችሁበት!"

ባዘዘው ፊቱ አመድ መሰለ። በእውነት ያሳዝናል፤ ክፉ ያሰበ አንድም ሰው ሳይኖር ትዳሩ ሊፈርስበት ነው።

አንጓች ሁሉንም ከጓዳ ትሰማለች። ባዘዘውን በገበያ በሩቁ አይታው ወዳዋለች፤ አባቷ አንዴ ከማሉ እንደማይመለሱም ታውቃለች። አክስቷን ላከችና "ሳይለካ አይመለስም" ብላ ቀሚሱን አስመጣች።

ጥቂት ቆይቶ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። አንጓች ቀሚሱን ለብሳ ወጣች። በግራዋ አንዷ ሚዜዋ፣ በቀኟ ሌላዋ እዚያው ቀሚስ ውስጥ ገብተዋል፤ በአንድ አንገትጌ ሦስት ራስ ብቅ ብሎ ሦስቱም እየተደጋገፉ በአንድነት እጅ ነሱ።

"አባዬ፣ በልካችን ነው" አለች አንጓች።

አቶ ጥጋቡ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት። አቶ ጥጋቡ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ባዘዘውን "ና ልጄ፣ ጉልበት ሳም" ሲሉት፣ ከዳር ተቀምጠው ሲታዘቡ የነበሩት የሰፈሩ ሽማግሌ አለቃ ፈንታ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው እንዲህ አሉ፦ "ይሉኝታ የለካው ቀሚስ፣ ሦስት ሙሽራ ያለብስ!"