መኪናዋ የናቀችው ቤንዚን

ተረት ልንገራችሁ፤ ጎማም ጭስም ያላት ተረት ናት።

ዳምጠው አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ምጥ የያዛትን ሚስቱን እናንዬን ሆስፒታል ማድረስ። ትናንት «ሰልፉ ቢረዝምም ከማደያ ቅዳ» ብላው ነበር። እሱ ግን ሰልፉ ሰለቸውና ከመንገድ ዳር፣ በውሃ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ሞላ። ለካ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል! ዳገቱ ወገብ ላይ መኪናዋን ሳል ያዛት፤ ተንገጫገጨችና ጸጥ አለች።

«ሂጂ እንጂ እመቤቴ!» አላት።

«ይህን ጉድ አጠጥተኸኝ? ንጹሕ ቤንዚን ካላመጣህ ንቅንቅ አልልም!» አለች መኪናዋ።

«ዳምጠው፣ ቶሎ በል!» አለች እናንዬ፣ ከጎኗ የተቀመጡትን የእናቷን እጅ ጨምድዳ።

ጀሪካን ይዞ ዳገቱን ወደ ማደያው ወጣ። «እህቴ፣ ቤንዚን ቅጂልኝ! እናንዬ ታምጣለች፣ መኪናዋ አልሄድም አለች።»

«በጀሪካን ክልክል ነው፤ መኪናዋን አምጣ» አለች የማደያዋ ቀጂ።

«ያለ ቤንዚን እኮ አትመጣም!»

«እኔም ያለ መኪና አልቀዳም።»

ወይ ጣጣ! እርሻው ዳር ወደቆመው ትራክተር ሮጠ። «ጎትትልኝ! እናንዬ ታምጣለች፣ መኪናዋ አልሄድም አለች፣ ቀጂዋ አልቀዳም አለች።»

«እኔ የምጠጣው ናፍጣ ነው፤ እሱን ባጠጣት ጭራሽ ትሞትብሃለች» አለ ትራክተሩ። «እጎትታታለሁ፤ ግን ገመድ የለኝም።»

በሰፈሩ ወፍራም ገመድ ያለው የእድሩ ድንኳን ብቻ ነው፤ እሱም ባላቸውን በቀበሩት በእማማ ዘነቡ ደጅ ተተክሏል።

«ገመድ ሆይ፣ ተፈታልኝ! እናንዬ ታምጣለች፣ መኪናዋ አልሄድም አለች፣ ቀጂዋ አልቀዳም አለች፣ ትራክተሩ ያለ ገመድ አልጎትትም አለ።»

«እኔ ከተፈታሁ ድንኳኑ ይወድቃል» አለ ገመዱ።

«እኔስ ለቀስተኛ አስቀምጬ እንዴት ልውረድ? እማማ ዘነቡ ይነሡ!» አለ ድንኳኑ።

የእናንዬ ጩኸት ከታች ተሰማ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ድንኳን አውርዱ ይባላል? ዳምጠው አፈረ፣ ፈራም፤ ግን ገባ።

«እማማ፣ ይነሡልኝ! እናንዬ ታምጣለች፣ መኪናዋ አልሄድም አለች፣ ቀጂዋ አልቀዳም አለች፣ ትራክተሩ አልጎትትም አለ፣ ገመዱ አልፈታም አለ፣ ድንኳኑ አልወርድም አለ!»

«ነውር አይደለም እንዴ?» ብሎ ለቀስተኛው አጉረመረመ።

እማማ ዘነቡ ቀና አሉ። «ቤንዚኑን ከየት ቀዳህ?»

«ከመንገድ ዳር… በጠርሙስ።»

«አንተ ሞኝ!» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «የኔ ሰውዬ ከእንግዲህ አይቸኩልም። ያቺ ልጅ ግን ቸኩላለች። ተነሡ!»

እማማ ዘነቡ ተነሡ፣ ለቀስተኛው ተነሣ፣ ድንኳኑ ወረደ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ትራክተሩ ጎተተ። ያ ድብልቅ ከታንኩ ተራገፈ፣ ቀጂዋ ንጹሑን ቀዳች፤ መኪናዋ ጠጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ በረረች። እናንዬም ደረሰች።

አመሻሽ ላይ ዳምጠው ገመዱን ጠቅልሎ መጣ። ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«እህሳ?» አሉ እማማ ዘነቡ።

«ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

እማማ ዘነቡ ጥቁር እንደለበሱ፣ እዚያው ለቅሶው መሃል፣ እልል አሉ። ለቀስተኛው ተያየ፤ ከዚያ ተከተላቸው።

ተረቴን ውሰዱት፤ ገመዱን ግን ለድንኳኑ መልሱ።