አንጓች፣ የእንዝርት ወንዝ ኋለኛ

እንዝርት ወንዝ ዛሬ ከሚሄድበት ፈቀቅ ብሎ፣ በዚያ በሾላው ሥር ይሄድ በነበረበት ዘመን ነው። አያቴ ከአያታቸው ሰሙ፤ እኔ ከአያቴ ሰማሁ፤ እናንተ ደግሞ ከእኔ ስሙ። ቀረብ ቀረብ በሉ። እግራችሁንም ዘርጉ፤ ገና መንገድ ይቀራችኋል።

በዚያ ዘመን በወንዙ ዳር ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ዛሬም አሉ። ከላይ፣ በመንደሩ ራስ፣ ጊዮርጊስ አለ። የጊዮርጊስ ደወል ድንጋይ ነው፤ በድንጋይ ሲመቱት ይጮኻል። ከመሃል ኪዳነ ምሕረት አለች፤ ግድግዳዋ ሁሉ ሥዕል ነው። ከታች፣ ከመሻገሪያው ማዶ፣ ከገደሉ ውስጥ የተፈለፈለው ሚካኤል አለ። ከሚካኤል ደጅ ጠበል ይፈልቃል። በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ሕዝቡ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ ወንዙን ይዞ ይወርዳል። ሦስቱንም ይሳለማል፤ ከጠበሉ ጠጥቶ ይመለሳል። ይህን ጉዞ የዳር መንገድ ይሉታል።

ታዲያ የዚያ ዘመን ሰዎች አንድ እምነት ነበራቸው። ጠበሉ የሚፈውሰው ቀድሞ የደረሰውን ነው ይሉ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ይንበረከካል፤ ቄሱ ድርሳነ ሚካኤልን ያነቡለታል፤ ንባቡ ሲያልቅ ከጥሩው ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ይገባበታል፤ ውሃው ይደፈርሳል። በበቅሎ የመጣ አይቆጠርም። በሰው ጀርባ የመጣም አይቆጠርም። የሚቆጠረው በእግሩ የመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይሮጥ ነበር። ጊዮርጊስን እየሮጠ ይሳለማል። ኪዳነ ምሕረትን እየሮጠ ይሳለማል። ሥዕሉን ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም።

በመንደሩ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ቃጫ በወንዙ እየዘፈዘፈች ገመድ የምትገምድ ደሃ ናት። ባልም ልጅም አልነበራትም። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አልታዘዝ ያላት ነበር፤ ስትራመድ ይጎተታል። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ቀድማ ደርሳ፣ ከጥሩው ጠበል ጠጥታ፣ እግሯ ሲፈወስ ማየት። በየዓመቱ ትሄዳለች። በየዓመቱ ኋለኛ ትሆናለች። በየዓመቱ የሚደርሳት ጭቃ ነው።

ከሯጮቹ ሁሉ ፈጣኑ ጓንጉል የሚባል ጎበዝ ነበር። ባለፋት ቁጥር አንድ ነገር ጣል ያደርግባታል።

«አንጓች፣ የተነሣሽው ለዘንድሮው ሚካኤል ነው ወይስ ለከርሞው?»

«ለዘንድሮው ነው» ትለዋለች። «አንተ ግን ቀስ በል፤ ጥላህን ከኋላ ጥለሃት መጥተሃል።»

ሰው ይስቃል። ጓንጉልም ይስቃል። ከዚያ ሁሉም ይሄዳል። አንጓች ብቻዋን ከወንዙ ጋር ትቀራለች።

አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። ሕዝቡ ሮጠ። አንጓች ከኋላ ቀረች። ኪዳነ ምሕረት ሳትደርስ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣ አንዲት ሴት ተኮራምታ አየች። የጓንጉል ሚስት ይርገዱ ናት። እርጉዝ ነበረች፤ ምጥ ይዟታል።

«ባልሽስ?» አለቻት አንጓች።

«ጥሩውን ጠበል ሊያመጣልኝ ሮጠ። ምጡ እንዲቀልልኝ ብሎ።»

«እሱ ውሃውን ሲያመጣ ልጁ ጥርስ ያበቅላል። በይ እጄን ያዢ።»

አንጓች መንገዱን አየች። እግሯን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አነጠፈች። ፀሐይ ዘንበል ስትል ወንድ ልጅ ተወለደ። እትብቱን በቃጫ ክር አሰረችው። ጓንጉል በቅል ጠበል ይዞ እየሮጠ ሲመለስ ውሃው በመንገድ ፈስሶ አልቆ ነበር። ባዶ ቅል ይዞ ከሚስቱ ፊት ቆመ። ልጁን አየ፤ አንጓችን አየ። ከዚያ ወዲያ ሲያልፋት አላሾፈባትም።

«ከርሞ በጀርባዬ አዝዬ አደርስሻለሁ» አላት።

«በጀርባ የመጣ አይቆጠርም» አለችው። «ደግሞ አንተ ስትሮጥ ጥርሴ ይረግፋል።»

በዚያ ዓመትም ስትደርስ ጠበሉ ጭቃ ሆኖ ጠበቃት።

በሚቀጥለው ዓመት ጉም ወረደ። ሕዝቡ በጉሙ ውስጥ ሮጠ። አንጓች ከኋላ ቀረች። ያን ዕለት ግን እግሯ ቀለል ብሏት ነበር። ጉሙም ሯጮቹን አዘገያቸው፤ ድምፃቸው ከፊቷ ይሰማታል። ዘንድሮስ እደርስባቸዋለሁ አለች። ወዲያው ከረግረጉ በኩል ዜማ ሰማች። ቀስ ያለ፣ ሰው ለራሱ የሚያዜመው ዓይነት ዜማ። ጠጋ ብላ አየች። የጊዮርጊሱ መርጌታ ዕንባቆም ናቸው። እስከ ጉልበታቸው ረግረግ ውስጥ ገብተው ቆመዋል።

«መርጌታ፣ እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«አንጓች ነሽ? ደንገል እየቆረጥሁ ነው።»

«በመቋሚያ?»

መርጌታ መቋሚያቸውን ከጭቃው ነቀሉ። ከዚያ እውነቱን ነገሯት። «ዓይኔ ከጠፋ ሰነበተ፣ ልጄ። ለሰው እንዳትነግሪ፤ ከማኅሌቱ ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው። መንገዱን የምከተለው በሰው ኮቴ ነበር። ዛሬ ሁሉም ሮጠና ኮቴው ጠፋኝ።»

አንጓች ከወገቧ ገመዷን ፈታች። አንዱን ጫፍ አስያዘቻቸው፤ አንዱን እሷ ያዘች። ቀስ ብለው ሄዱ። የሯጮቹ ድምፅ ራቀ፤ ራቀና ጠፋ። ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ ማንም አልነበረም። ገብተው ተሳለሙ። መርጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ልጅ ሳለሁ ነው ያየሁት» አሉ። «ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ከበሩ በስተቀኝ ነበር። ዛሬም አለ?»

«አለ፣ መርጌታ። ፈረሱ ነጭ ነው። አንድ ዓይኑ ግን ተፍቋል።»

«እንዲያማ ከእኔ ይሻላል፤ አንድ ቀርቶታል። ከእግሩ በታችስ?»

«ዘንዶው አለ። ከዘንዶው ጎን ዛፍ አለ። ከዛፉ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች።»

«ምን ትመስላለች?»

«የፈራች ትመስላለች። ግን ታያለች፤ ዓይኗን አልጨፈነችም።»

እንዲህ እያለች ሥዕሉን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸው ደግሞ ማን ማን እንደሆነ ነገሯት። ሚካኤል ሲደርሱ ጠበሉ ጭቃ ሆኖ ጠበቃት። የመርጌታንም ነገር ለማንም አልተናገረችም።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። አንጓች ክረምቱን ሙሉ አንድ ወፍራም ገመድ ስትገምድ ከረመች። ለሚካኤል የተሳለችው ስለት ነው። ዘንድሮ በዋዜማው እነሣለሁ አለች። በዋዜማው ተነሣች፤ ቀን ሳለ ኪዳነ ምሕረት ደርሳ ከቅጽሯ አደረች። ጎሕ ሲቀድ ገመዷን ተሸክማ ወረደች። በመሻገሪያው ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። ተሻገረች። ሚካኤል ደጅ ስትደርስ ማንም አልቀደማትም።

ጠበሉ ጥርት ብሎ ነበር። ከሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። አንጓች እንዲህ ጠርቶ አይታው አታውቅም። የሚካኤሉ ቄስ መምሬ ንብረቱ ድርሳኑን ይዘው ወጡ።

«ዘንድሮስ ቀደምሽ፣ አንጓች። ተንበርከኪ።»

ተንበረከከች። በቅል ጠበል ቀዳችና ከፊቷ አስቀመጠች። መምሬ ንብረቱ ማንበብ ጀመሩ።

ያን ጊዜ የወንዙ ድምፅ ተለወጠ። አንጓች ዕድሜዋን ሙሉ ቃጫ የዘፈዘፈችበት ወንዝ ነው፤ ድምፁን ታውቀዋለች። ከላይ፣ ከተራራው፣ ያለ ወራቱ ዝናብ ጥሏል። ሕዝቡ ደግሞ እየሮጠ ይመጣል። የሚሮጥ ሰው ውሃ አይመለከትም።

አንጓች ተነሣች።

«ወዴት ነው? ንባቡ ሳያልቅ?» አሏት መምሬ ንብረቱ።

«ወንዙ መጣ፣ አባ።»

«ንባቡ ከተቋረጠ ቀዳሚነትሽ ይቀራል!»

«ይቅር» አለች። ገመዷን አነሣች፤ እግሯን እየጎተተች ወረደች።

ስትደርስ የፈራችው ሆኖ አገኘችው። ሕዝቡ እየሮጠ ገብቷል። ከወንዙ መሃል ያለው የጠጠር ክምር ላይ ሲደርስ ውሃው ከፊትም ከኋላም ሞላበት። ጓንጉል ልጁን በትከሻው ይዟል። ይርገዱ አለች። መርጌታ ዕንባቆም የይርገዱን ነጠላ ይዘው ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር ጠጠሩ እየተሸረሸረ ነው።

አንጓች ገመዱን ከመሻገሪያው ዳር ካለው ሾላ ግንድ ላይ ጠመጠመች። ትርፉን በወገቧ አሰረች። ሌላውን ጫፍ ድንጋይ አስራ ወረወረችው። ወንዙ በላው። ሳበችና እንደገና ወረወረችው። ጓንጉል ያዘው። ከዚያ ያን አልታዘዝ ያላትን እግር ከሾላው ሥር ላይ ተከለችው። እግሩ ያን ዕለት ታዘዘ፤ አልነቃነቅም አለ።

ሰዎቹ ገመዱን ይዘው አንድ በአንድ ተሻገሩ። መጀመሪያ ጓንጉል ከነልጁ ወጣ። ልጁ ረጥቦ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጓንጉል ከብርድ ሊያስጥለው ወደ ሚካኤል ሮጠ። ይርገዱም ተከተለችው። እግር ደግሞ የለመደውን አይተውም። ጓንጉል ሲሮጥ ያዩ ሁሉ ሮጡ። በመጨረሻ ከጠጠሩ ላይ መርጌታ ብቻ ቀሩ። ገመዱን በወገባቸው አሰሩ። ከዳር ሆኖ የሚስባቸው ሰው አንጓች ብቻ ነበረች።

ጓንጉል ሚካኤል ደረሰ። ልጁን በመምሬ ንብረቱ ጋቢ ጠቀለለው። ዞር ሲል ጠበሉን አየ፤ ጥርት ብሏል። ከጠበሉ ዳር ውሃ የሞላ ቅል አየ። ከቅሉ ፊት ለፊት ከእርጥቡ አፈር ላይ የሁለት ጉልበት አሻራ አየ።

«ይህ የማን ነው?» አለ።

«የቀዳሚዋ ነው» አሉት መምሬ ንብረቱ። «ንባቡን አቋርጣ ወደ እናንተ ወረደች።»

ሕዝቡ እየተጋፋ ደረሰ። ጓንጉል በጠበሉ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ማንም አይጠጣም!»

«ምነው? ጠበሉን ከሚካኤል ገዛኸው እንዴ?» አለ አንዱ።

ጓንጉል ወደ መንገዱ ዞረ። «ከኋላ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

እስከዚያ ቀን ድረስ በዳር መንገድ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ይርገዱ ናት የመለሰችው።

«አንጓች አለች።»

ቆሙ። ጠበቁ። ከመጠበቅ አልፈው ሊያግዟት የወረዱም ነበሩ፤ ከመንገድ አገኟት። አንጓች እየጎተተች መጣች፤ መርጌታ ዕንባቆም ገመዱን ይዘው ከኋላዋ ናቸው። ሁለቱም ጭቃ ለብሰዋል። ሕዝቡ መሃሉን ከፍሎ አሳለፋት። መምሬ ንብረቱ ካቆሙበት ጀምረው አነበቡ። አንጓች ከራሷ አሻራ ላይ ተንበረከከች። ንባቡ አለቀ። ከጥሩው ጠበል ጠጣች።

እግሯ ተፈወሰ ወይ ትሉኛላችሁ። አልተፈወሰም። እንደመጣች እየጎተተች ተነሣች። ወንዙ ጎድሎ ሊመለሱ ሲሉ ግን ጓንጉል «ፊት ሁኚ» አላት። እሷ ፊት ሆነች፤ ሕዝቡም በእሷ እርምጃ ሄደ። ማንም አልቀደማትም። የዳር መንገድን ያን ዕለት አዩት። ዓሣ አጥማጁን ወፍ አዩ። ሾላው ምን ያህል እንደሚሰፋ አዩ። ኪዳነ ምሕረት ሲገቡ መርጌታ ከበሩ ቆሙና «ከበስተቀኝ ጊዮርጊስ አለ፤ ፈረሱ አንድ ዓይና ነው» አሉ፤ ሁሉም ቀና ብሎ አየ። «ለመሆኑ መቼ አዩት?» ሲሏቸው «አምና፣ በአንጓች ዓይን» አሉ። ከማኅሌቱም አላስወጧቸውም።

ከዚያ ወዲያ በዳር መንገድ መሮጥ ቀረ። አንጓች ዕድሜዋን ጨርሳ ስታርፍ በሾላው አጠገብ ባለው መንገድ አሳልፈው ወስደው ሚካኤል ቀበሯት። ስለቷ ግን ለመሻገሪያው ሆነ። ያረጀውን ገመድ በየዓመቱ አዲስ ይተኩበታል፤ ዛሬ ይዛችሁት የምትሻገሩት የእሱ ዘር ነው።

ለዚህ ነው በአገራችን «ውሃ ቢጠራም ኋለኛው ሳይመጣ አይጠጣም» የሚባለው። ለዚህ ነው ቀድሞ የደረሰ ሰው ቅሉን ቀድቶ፣ ሳይጠጣ፣ «ከኋላ ማን አለ?» ብሎ የሚጣራው። የመጨረሻው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ይጠጣል። ሁሉም ደርሶ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ጊዜ እንደገና ይጠየቃል። ያን ጊዜ ከኋላ ማንም የለም፤ መንገዱ ባዶ ነው። ሕዝቡ ግን በአንድ ድምፅ «አንጓች አለች» ይላል። አንድ ቅል ጠበልም ወደ መንገዱ ይፈስሳል።

የሰማሁትን አደረስሁ። ከእንግዲህ የእናንተ ነው። በሉ ተነሡ፤ ጤዛው ደርቋል፣ ሚካኤልም ሩቅ አይደለም። ቆዩ፣ ገና አትሂዱ፤ ዞር ብላችሁ እዩ።

ከኋላ ማን አለ?