የይብራው ድንጋይና የእመት ጅግራ እንቁላሎች

ተረት ልነግራችሁ ነው። አንተ ጥግ ያለኸው፣ እኅትህን መጎንተሉን ተውና ስማ።

ድሮ ድሮ፣ ዝንጀሮና ከርከሮ እየተሰዳደቡም ቢሆን አንድ ሜዳ ላይ አብረው ይበሉ ነበር። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፤ ድንጋይ የሚባል የለበትም። አንድ ቀን ታዲያ ከባሕር ማዶ ነጭ ይብራ፣ ያ አንገተ ረጅሙ የውሃ ወፍ፣ መጣ። ገመድ ዘረጋ፣ ከሩቅ ያስመጣውን ድንጋይ መሀል ሜዳ ላይ ተከለና «ወዲያ የዝንጀሮ፣ ወዲህ የከርከሮ» አለ። ማን ጠየቀው? ማንም። ድንጋዩም ደረቱን ነፍቶ «እኔ ወሰን ነኝ፣ አትንኩኝ» ይል ጀመር። ከዚያማ ጦርነት ሆነ። ሁለቱ ሲፋጁ፣ ይብራው መሀል ያለውን ለምለም ሣር ብቻውን ይግጣል።

እመት ጅግራ ከድንጋዩ ሥር፣ በዝንጀሮ በኩል፣ እንቁላል ታቅፋ ነበር። አንድ ማለዳ ጥሬ ልትለቅም ወደ ከርከሮ በኩል ብቅ ብላ ስትመለስ፣ የዝንጀሮ ዘበኛ አስቆማት።

«ማነሽ?»

«የእንቁላሎቼ እናት።»

«ከከርከሮ በኩል የመጣ አያልፍም። ዛሬ እርቅ አለ፤ ካለቀ ታልፊያለሽ።»

«በክንፌስ?»

«ወንጭፍ አለኝ።»

እንቁላሎቿ ከቆመችበት ይታዩዋታል። እስኪመሽ ካልታቀፈቻቸው ቀዝቅዘው መቅረታቸው ነው።

አያ ዝንጀሮና አያ ከርከሮ ድንጋዩ አጠገብ ለእርቅ ተቀመጡ። ጠዋት፣ የድንጋዩ ጥላ ሥር ማን ይቀመጥ ብለው ተጣሉ፤ ጥላው ራሱ ሰልችቶት ዞሮ ሄደ። «ኧረ እንቁላሌ» አለች ጅግራ። ቀትር ላይ፣ ጠቡን ማን ጀመረው ብለው ተጣሉ። «ኧረ እንቁላሌ» አለች። ዳኛ ነኝ ባዩ ይብራ፣ አፉ ሣር እንደሞላ «ቀስ በሉ፣ ምን አስቸኮላችሁ» ይላል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋናው ነገር ላይ ደረሱ። ባገሩ ወግ፣ የበደለ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተበደለው ደግሞ «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ያወርድለታል።

«አንተ ተሸከም» አለ አያ ከርከሮ።

«አንተ በድለህ እኔ?» አለ አያ ዝንጀሮ።

ሊበተኑ ተነሡ። ይሄኔ ጅግራ ቱር ብላ አያ ከርከሮ ጆሮ ሥር አረፈች። «እዚህ ሜዳ ላይ ድንጋይ ያለው አንዱ ወሰኑ ብቻ ነው። የተሸከመ እኮ የፈለገበት ወስዶ ነው የሚያስወርደው፤ ወሰኑም አብሮት ይሄዳል» አለችው። ከወሰኑ ሳታልፍ ለአያ ዝንጀሮም ይህንኑ ሹክ አለችው።

አያ ከርከሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳስበውማ፣ በዳዩ እኔ ነኝ።»

«ኧረ ተወኝ፣ እኔ ነኝ እንጂ።»

«እኔ ነኝ አልኩህ። ሥራ ሥሩን ሁሉ ቆፍሬ ያስራብኩህ ማን ሆነና?»

«ልጅህን በወንጭፍ የመታሁትስ?»

እንዲህ ያለ ጠብ ታይቶ አይታወቅም። እየተሽቀዳደሙ ሲናዘዙ ቆዩና፣ የሚያወሩት እውነት መሆኑ ሲገባቸው ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ልጁ ዳነ?» አለ አያ ዝንጀሮ።

«ያነክሳል እንጂ ድኗል።»

ድንጋዩ «ወሰን ነኝ እኮ» እያለ ሲጮህ፣ ሁለቱ ተጋግዘው ጫንቃቸው ላይ አወጡት። ሁለቱም ተሸካሚ፣ ሁለቱም አውራጅ ሆኑና፣ እየተንገዳገዱ ርቀው ሄደው «ይቅር ለእግዜር» ተባብለው አንድ ላይ አወረዱት። ዘበኛውም የሚጠብቀው ስላጣ ወንጭፉን ጠቀለለ።

ይብራው ገመዱን እየጎተተ መጣ። «ጉድጓዱ የታለ? መልሳችሁ ትከሉት» ይላል። ጉድጓዱ ላይ እመት ጅግራ ክንፏን ዘርግታለች፤ ወደዚያ ያንከባለለቻቸው እንቁላሎቿ ከሥሯ ናቸው፣ ገና ለብ እንዳሉ።

«ተነሺ» አላት።

«እስኪፈለፈሉ ጠብቅ» አለችው። «ቀስ በል፣ ምን አስቸኮለህ።»

ዝንጀሮም ከርከሮም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጫጩቶቹ ሲወጡ ሣሩ ጉድጓዱን ሸፍኖት ነበር። ድንጋዩ ላይ ዛሬ ከርከሮዎች ጀርባቸውን ያኩበታል፤ ዝንጀሮዎች ደግሞ ተቀምጠው ቅማል ይለቃቀሙበታል።

እናንተም ስትጣሉ «እኔ በደልኩ» በሉ፤ ለተንኮል ብላችሁ ብትጀምሩት እንኳ እውነቱ ተከትሎ ይወጣል። ተረቴን እዚህ አውርጄዋለሁ፤ ከከበዳችሁ ሁለት ሆናችሁ አንሡት።