ነጠላውን ዘቅዝቆ የመጣው ፈንግል

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ተረት የዶሮ ቆጥ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ዶሮዎች እድር በነበራቸው ዘመን፣ ፈንግል የሚባል የዶሮ በሽታ ነበረ። የተማሩት ዛሬ ቫይረስ ይሉታል። ገዳይ ነው፤ ግን ስታዩት ያሳዝናል። እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ ቤት የለው። በሌላው ትንፋሽ ታዝሎ ነው የሚሄደው። ያለው ሀብት ከታች ቀይ ጥለት ያለው አንድ ነጠላ ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን በእያንዳንዷ ዶሮ ጉሮሮ ውስጥ አንድ ዘበኛና አንድ ሸማኔ ይኖሩ ነበር። ዘበኛው በር ይጠብቃል። ሸማኔው ጓዳ ተቀምጦ የዶሮዋን ልብስ ይሠራል። ደግ ሸማኔ ነው፤ ደግነቱን አበዛው እንጂ። ናሙና ይዞ ለመጣ ሁሉ ይሠራል፤ “ይህ የማን ነው?” ብሎ አይጠይቅም።

ፈንግል መጀመሪያ የመጣ ቀን ዘበኛው ስላላወቀው ዝም ብሎ አሳለፈው። ፈንግልም ጓዳ ገብቶ ነጠላውን ዘረጋ።

“እንዲህ ያለ ትሠራልኛለህ?”

“እሠራለሁ። ምን ያህል?”

“ክርህ እስኪያልቅ።”

ሸማኔው ሠራ፣ ሠራ፣ ሠራ። ከእያንዳንዱ ነጠላ ሥር አንድ የፈንግል ልጅ ብድግ ይላል። ክሩ ሲያልቅ ዶሮዋ ሞተች፤ ልጆቹም ወደ ጎረቤት ተበተኑ።

ታማ የዳነች አንዲት ዶሮ ነበረች፤ እመት ወሰራ ትባላለች። ጫጩቶቿ አልቀው አንዲት ብቻ ተርፋላታለች። ዘበኛዋ ያየውን ነገራት፣ እሷም ለመንደሩ ተናገረች፤ “ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ለብሶ የሚመጣው ነው። በር እንዳትከፍቱለት።” የየጉሮሮው ዘበኛ ሁሉ ዱላ ያዘ።

ፈንግል ተጨነቀ። “ምን ዘዴ ልፍጠር?” አለ። ምንም አልፈጠረም፤ እሱ ዘዴ የት ያውቃል። ዘዴው የመጣው ከሸማኔው እንቅልፍ ነው።

ሸማኔ ሲጣደፍ ክር ይስታል። አንድ ቀን ፈንግል ቀድሞ በገባበት ጉሮሮ ያለው ሸማኔ ከናሙናው አንድ ክር ዘለለ። ከዚያ ነጠላ ሥር የተነሳው ልጅ ገና በር ሳይደርስ ልብሱ ተተርትሮ አለቀ። “አሳፋሪ” አለ ፈንግል።

ሌላ ቀን ሸማኔው ክሩን ደረበ። ከዚያ ሥር የተነሳው ልጅ ጉልበተኛ ሆነ። ዳር ብቻዋን የምትኖር አንዲት ዶሮ ጉሮሮ ዘበኛውን ጥሎ ገብቶ ቤቱን በዕለቱ አፈረሰው። ዶሮዋ ከቆጥ ሳትወርድ፣ ከማንም ጋር ሳታወራ ሞተች፤ እሱም መውጫ አጥቶ አብሯት ቀረ። “ጀግና ነበረ” አለ ፈንግል፤ “ጅል ሆነ እንጂ።”

በሦስተኛው ሸማኔው እያዛጋ ናሙናውን ገልብጦ ያዘው። ከታች የነበረው ጥለት ላይ፣ አንገት ሥር ወጣ። ልጁ ይህን ለብሶ ወደ አንድ በር ሄደ። ዘበኛው ዱላውን አነሳ፤ አየው፤ መልሶ አወረደው። ነጠላውን ዘቅዝቆ የለበሰ ሐዘንተኛ ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ አይመታም።

“እግዜር ያጥናህ ወንድሜ። ማን ሞተብህ?”

“ገና አልታወቀም።”

“አይ ሐዘን፣ ሲጠና እንዲህ ያደርጋል። ግባ፣ አረፍ በል።”

ገባ። ሸማኔውም የተዘቀዘቀውን እያየ የተዘቀዘቀ ሠራ፣ ሠራ፣ ሠራ። ፈንግል ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። “እኔ ነኝ ያሰብኩት” አለ። ውሸቱን ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ ለአንዱ በር ስለተከፈተለት ነው፤ በየመንገዱ ስለቀሩት ስለ ሌሎቹ ግን ትንፍሽ አይልም።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሞት በሞት ሆነ። ዶሮ በሞተች ቁጥር ሁሉም ለቅሶ ይደርሳል፤ ተቃቅፎ ያለቅሳል፤ ከአንድ ሰፌድ ንፍሮ ይለቅማል። ሲመለስ የፈንግልን ልጆች በጉሮሮው ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቀን የወሰራ እህት፣ እመት ገብስማ፣ ሞተች። ወሰራ እህቷን ከልብ ትወዳት ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ጫጩቷ ከኋላ ተከተለቻት። ወሰራ ቆመች። “ትናንት ያለቀሱት ዛሬ እየተለቀሰላቸው ነው” ብላ አሰበች። ጫጩቷን አየቻትና ተመልሳ ተቀመጠች፤ ልቧ ግን አልቀመጥ አላት።

የእድሩ ጡሩምባ መጣ። “እመት ወሰራ፣ አልሰማሽም እንዴ? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ።”

“ሰምቻለሁ። ከዚሁ ሆኜ አለቅሳለሁ።”

ጡሩምባው የነፉበትን እንጂ ሌላ መናገር አያውቅምና ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ።

ጎረቤቶች መጡ። “ለእህቷ ያልሄደች ለማን ልትሄድ ነው?” አለች አንዷ። “ለንፍሮ የምታመጣውን ሽንብራ ሰስታ ነው” አለች ሌላዋ። ወሰራ ሰማቻቸው። ይህ ከሞቱ ባልተናነሰ አመማት።

በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ፣ አያ ቀዮ፣ መጣ። አውራ ዶሮ ነውና አጥሩ ላይ ወጥቶ ነው የሚናገረው።

“ወሰራ፣ ለቅሶ ካልደረስሽ ነገ አንቺን ማን ይቀብርሻል?”

“አያ ቀዮ፣ በዚህ ዓይነት ቀባሪውም አይተርፍም። እስቲ ዘበኛዎን ይጠይቁት፤ ሰሞኑን ማንን አስገባ?”

ቀዮ እንደ መሳቅ ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው።

“ሌላ ማንንም አላስገባሁም ጌታዬ” አለ ዘበኛው። “ከትናንቱ ለቅሶ ወዲህ ሐዘንተኛ ብቻ ነው የጎረፈው። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። የገረመኝ፣ ማን እንደሞተባቸው አያውቁም።”

ቀዮ ሳቁን አቆመ። ጉሮሮውን ከረከረው። ከአጥሩ ወርዶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

“ወሰራ፣ ልጅሽን ይዘሽ ግቢ። የሞተባቸውማ እኔው ነኝ።”

ከሩቅ ሆኖ ለጡሩምባው አዘዘ፤ “ሁሉም በየአጥሩ ውስጥ ሆኖ ያልቅስ፤ የእኔንም ጭምር።”

ቀዮ ሲሞት በግቢው አንድም ለቀስተኛ አልነበረም። ለቅሶው ግን ከየአጥሩ ተነስቶ ወንዝ ማዶ ተሰማ፤ ወሰራም ለእህቷ ያፈነችውን እንባ ያን ጊዜ አወጣችው። በቀዮ ጉሮሮ የቀሩት የፈንግል ልጆች “ሸማኔ! ሸማኔ!” አሉ። ሸማኔው የለም፣ ክሩ አልቋል፣ የሚያዝላቸው ትንፋሽም አልመጣም። ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ እዚያው አለቁ። በመጨረሻ የገባቸው ለማን እንደዘቀዘቁ ነው፤ ለራሳቸው ነበር።

ክረምቱ ሲያልፍ ወሰራ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የእህቷ መቃብር ዘንድ ሄዳ ተመለሰች። ጫጩቷ አድጋ ቄብ ሆናለች። እናቷን ከሩቅ ስታይ እንደ ዘበኛ አጥሩ ላይ ዘላ ወጣች።

“እማዬ፣ እግዜር ያጥናሽ። ማን ሞተብሽ?”

“እህቴ ገብስማ።”

“እንግዲያው ግቢ።”

ፈንግል ብልህ ሆኖ አያውቅም፤ ብልህ የሚያስመስለው እኛ እየዞርን የምናቀብለው ክር ነው።

ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ በያላችሁበት ያዙት። ለሌላ ስትነግሩት አንድ ክር መሳታችሁ አይቀርም። የተረት ስህተት እንኳ አይገድልም።