ዶሮና ተናጋሪው ቅል

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ አፍ ያለው ይጠይቅ።

ድሮ እንስሳት ሁሉ የሚያውቁትን የሚነግሩት አንድ ትልቅ ቅል ነበር። ቅሉ የሰማውን አይረሳም፤ ለጠየቀውም ሁሉ ሳይሰለች ይመልሳል። አህያ ለቁስሏ መድኃኒት፣ ጦጣ ደግሞ ሾላ የበሰለበትን ዛፍ ከሱ ጠይቀው አግኝተዋል።

አንድ ቀን ዶሮ ጥሬ ለመልቀም ስትነሣ ወደ ቅሉ መጣችና «ጫጩቶቼን ለማን ልተዋቸው?» አለችው።

«ለቀበሮ» አላት ቅሉ ምንም ሳያመነታ። «እንደሷ ለልጅ የሚራራ የለም።»

ዶሮ ክንፏን ሰብሰብ አድርጋ «ማን ነገረህ?» አለች።

ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ኖሮ አያውቅም። «ራሷ ቀበሮ» አላት ቅሉ።

«በል እንግዲያው የኔንም ስማ!» ብላ ዶሮ ባለፈው ክረምት ቀበሮ የበላቻቸውን ልጆቿን አንድ በአንድ ነገረችው። ከዚያ የተረፉላትን ጫጩቶች አስከትላ ሄደች።

በማግስቱ ፍየል መጥታ ስለ ግልገሎቿ ያንኑ ጠየቀች።

«ቀበሮ ደግ ናት ያለችኝ ራሷ ቀበሮ ናት» አላት ቅሉ፤ «ልጆቼን በላች ያለችኝ ደግሞ ዶሮ ናት።»

ፍየል ግልገሎቿን እየነዳች ወደ ዶሮ ቤት አቀናች።

እኔንም ማን ነገረህ ካላችሁ፣ ፍየሏ ናት።